ለቤት ሲኒማ ትልቅ ቴሌቪዥን መምረጥ፦ ከደሴ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 3፣ ክፍሉን መለካት

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ በሚገኘው የቤተሰባችን ቤት ከሳሎኑ በስተጀርባ ያለው ክፍል ለዓመታት የእህል ጆንያና ከአገልግሎት የወጣ የቤት ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ቆይቷል። ዘንድሮ ክፍሉ ተጠርጎ፣ ግድግዳው እንደገና ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ፣ ቤተሰቡ ማታ ተሰብስቦ ፊልም የሚያይበት የቤት ሲኒማ እንዲሆን ተስማምተናል። ቴሌቪዥኑን የመምረጥና የመስቀል ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ስለሆነ የምሠራውን በየደረጃው እዚህ እመዘግባለሁ፤ ተመሳሳይ ሥራ ያሰበ ሰው ስሌቱን ከባዶ እንዳይጀምር ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ሱቅ ከመግባቴ በፊት ሜትር ይዤ ክፍሉን ለካሁ። ርዝመቱ 4.2 ሜትር፣ ስፋቱ 3.4 ሜትር ነው። ስክሪኑ በአጭሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሶፋው ከፊት ለፊቱ ይሆናል። በእኛ አገር ሶፋ ግድግዳ አስደግፎ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ከጀርባ ለሚመጣው ድምፅ ቦታ እንዲኖር 60 ሴንቲሜትር ወደ ፊት እንዲወጣ አድርጌ አሰላሁት። የሶፋው መደገፊያ ሌላ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይወስዳል፤ የቴሌቪዥኑ ውፍረት ከነመስቀያው ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከተመልካቹ ዓይን እስከ ስክሪኑ የሚቀረው ርቀት 2.9 ሜትር ነው።

የክፍሉ አንድ መስኮት ወደ ምሥራቅ የሚያይ በመሆኑ ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ትገባበታለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ጀርባ ስታዘነብል ሰፈራችን ቶሎ ጥላ ይሆናል፤ ፊልም የምናየውም አመሻሽ ላይና ማታ ነው። ወፈር ያለ መጋረጃ ከተጨመረበት ክፍሉ በሚገባ ይጨልማል። ይህ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በፊት ሊጻፍ የሚገባው እውነታ ይህ ነው። ብርሃን በሞላበት ሳሎን ውስጥ የሚፈለገው የስክሪኑ ድምቀት ሲሆን፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚፈለገው ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር መሆኑ ነው።

ጥቅምት 7፣ ኢንችና ርቀት

የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ነው። የዛሬ ቴሌቪዥኖች የጎንና የቁመት ምጥጥን 16 ለ9 ስለሆነ፣ ባለ 55 ኢንች ስክሪን ወደ ጎን 122 ሴንቲሜትር፣ ባለ 65ቱ 144 ሴንቲሜትር፣ ባለ 75ቱ 166 ሴንቲሜትር ይሆናል። እነዚህን ልኮች በጋዜጣ ወረቀት ቆርጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸውና ቤተሰቡ ሶፋው በሚቆምበት ቦታ ወንበር ይዞ እንዲያያቸው አደረግሁ። ሁሉም 75ቱን መረጠ።

ስሌቱም ያንኑ ይላል። ለፊልም በተለምዶ የሚጠቀሰው የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ ስክሪኑ በተመልካቹ ዓይን ፊት ቢያንስ 30 ዲግሪ ያህል እንዲይዝ የሚመክር ሲሆን፣ ለሲኒማ የጥራት መስፈርት የሚያወጣው ቲኤችኤክስ ደግሞ እስከ 40 ዲግሪ ይሄዳል። በ2.9 ሜትር ርቀት ላይ 55 ኢንቹ 24 ዲግሪ፣ 65 ኢንቹ 28 ዲግሪ፣ 75 ኢንቹ 32 ዲግሪ ይይዛል። ይሁን እንጂ ሶፋው 30 ሴንቲሜትር ብቻ ወደ ፊት ቢገፋ 65 ኢንቹም ወደ 31 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ቁጥር አስምሬበታለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጥራት መጠንን በተመለከተ፣ ፎርኬ የሚባለው ስክሪን 3840 በ2160፣ ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ፒክሰል አለው። በ65 ኢንች ላይ የፉል ኤችዲ አንድ ፒክሰል 0.75 ሚሊሜትር፣ የፎርኬው 0.375 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ጤናማ ዓይን ለይቶ ማየት የሚችለው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል ስለሆነ፣ ከ2.6 ሜትር ርቀት ላይ የፉል ኤችዲ ፒክሰሎችም ከዓይን ሊሰወሩ ይደርሳሉ። ዛሬ የሚሸጡት ትልልቅ ስክሪኖች ሁሉም ለማለት ይቻላል ፎርኬ ናቸው፤ ነገር ግን በእኛ ርቀት ላይ ለዚህ ቁጥር ተብሎ ተጨማሪ ብር የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም።

ዛሬ ግንበኛውም ሥራ ጀምሯል። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነና ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ በፊሸር ብቻ ከባድ ቴሌቪዥን መስቀል አደገኛ ነው። ልስኑ ከመመታቱ በፊት መስቀያው የሚያርፍባቸውን ብሎኬቶች ከፊት በኩል አስከፍቼ ባዶውን በኮንክሪት አስሞላሁ። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን እንደያዘ የሚቆጠረው በ28 ቀን ስለሆነ ከኅዳር 5 በፊት ምንም ነገር አይሰቀልበትም። ለስፒከር ሽቦ የሚሆን ቱቦም በልስኑ ሥር አስቀብሬያለሁ።

ጥቅምት 11፣ ያገለገለ ፕላዝማ

አንድ ደላላ ባለ 60 ኢንች ፕላዝማ በርካሽ እንዳለ ነግሮኝ ሄጄ አየሁት። የፕላዝማ ጥቁር በጨለማ ክፍል ውስጥ እጅግ ያማረ መሆኑን ስለማውቅ ነገሩ አጓጉቶኝ ነበር። ትልልቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ ማምረቱን ያቆሙ በመሆናቸው መለዋወጫው ችግር ነው፤ ይሁንና የወሰነልኝ ሌላ ነገር ነው። ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ከመስታወቱ የሚወጣ የማያቋርጥ እዝዝታ ተሰማኝ፤ ነጭ ነገር ስክሪኑን ሲሞላው ይጨምራል፣ ሲጨልም ይቀንሳል።

ምክንያቱ የከተማችን ከፍታ ነው። በፕላዝማ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ኒዮንና ዜኖን የተባሉ ጋዞችን ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት ባነሰ ግፊት ይይዛሉ፤ ሁለቱን መስታወቶች አጣብቆ የሚይዛቸው የውጭው አየር ግፊት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ መስታወቱ ይላላና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የአንዳንድ አምራቾች መመሪያም ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ሊኖር እንደሚችል ይገልጽ ነበር። በጸጥታ የተሞላ የፊልም ትዕይንት ላይ ይህን እዝዝታ መስማት ስለማልፈልግ ለባለቤቱ አመስግኜ ወጣሁ።

ጥቅምት 15፣ ፒያሳ

በፒያሳ የሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችን ለማየት ስሄድ ላፕቶፕ፣ የኤችዲኤምአይ ኬብል፣ ትንሽ ማጉያ መነጽርና ማስመሪያ ይዤ ነበር። በሱቅ ውስጥ ያሉ ቴሌቪዥኖች ሁሉ ቀለማቸው እስከ መጨረሻው በደመቀ ማሳያ ሞድ ስለሚከፈቱና ከፍላሽ የሚጫወትላቸው ቪዲዮ ተመርጦ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ቆሞ በማየት ብቻ መወሰን አይቻልም። አንድ በዕድሜ የገፉ ባለ ሱቅ ሐሳቤን ስነግራቸው «አብሽር ልጄ፣ ያሻህን አስገብተህ እይ» ብለው መብራቱን ጭምር አጠፉልኝ። ለዚህ ደግነታቸው ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መጀመሪያ ያስገባሁት ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ምስል ነው። ብርሃኑ ከጠርዝ በሚመጣ ቴሌቪዥን ላይ የስክሪኑ ታችኛው ጫፍ ግራጫ ሆኖ፣ በማዕዘኖቹ በኩል ደግሞ የተንጠባጠበ ወተት የመሰለ ነጭ ጥላ ታየ። ከዚያ በሰፊው የሲኒማ ምጥጥን፣ ማለትም በ2.39 ለ1 የተቀረጸ የፊልም ቁራጭ አስገባሁ። እንዲህ ያለ ፊልም በ65 ኢንች ስክሪን ላይ ሲታይ ከላይና ከታች እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ ጥቁር ጭረቶች ይተዋል። የቴሌቪዥንን ማንነት የሚገልጡት እነዚህ ጭረቶች ናቸው። በአንዱ ላይ ጭረቱ ከቴሌቪዥኑ ክፈፍ ጋር ተዋሕዶ ሲጠፋ፣ በሌላው ላይ ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ፊልሙን በሙሉ አደብዝዞታል።

ሦስተኛው ፈተና በጥቁር ላይ የሚንቀሳቀስ ነጭ ካሬ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ያለው፣ ባክላይት የሚባለው ብርሃን በዞኖች የተከፋፈለ ከሆነ ካሬው ያለበት ዞን ብቻ በርቶ ሌላው ይጠፋል፤ ካልተከፋፈለ መላው ስክሪን አብሮ ይነጣል። ዞኖቹ ጥቂት ሲሆኑ በካሬው ዙሪያ ጭጋግ ይከተላል፤ በትርጉም ጽሑፍ ፊደላት ዙሪያ የሚታየው ጭጋግም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ካርቶኖች ላይ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው ኤችዲአር የሚባለው፣ በጣም ደማቁንና በጣም ጥቁሩን በአንድ ምስል የሚይዝ የቪዲዮ ዓይነት ትርጉም የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ምስል ለ100 ኒት ድምቀት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የኤችዲአር ፊልሞች በብዛት ለ1,000 ኒትና ከዚያ በላይ ይዘጋጃሉ። ምልክቱን መቀበል የሚችል ቴሌቪዥን ሁሉ ግን ድምቀቱንና ጥቁሩን ጎን ለጎን ማሳየት አይችልም፤ ባክላይት ያለው ቴሌቪዥን ይህን እንዲችል ባክላይቱ በዞን የተከፋፈለ መሆን አለበት።

አንድ ሌላ ሱቅ ውስጥ ያጋጠመኝን ሳልጽፍ ባልፍ ገዢዎችን መበደል ይሆንብኛል። ካርቶኑም የፊት ለፊት ተለጣፊውም ፎርኬ የሚል ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ነበር። ነጭ ምስል ከፍቼ በማጉያ መነጽሩ ሳየው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጭረቶች በግልጽ ታዩ፤ ሦስቱ በአንድነት አንድ ፒክሰል ናቸው። ማስመሪያውን አስጠግቼ ስቆጥር በ3 ሚሊሜትር ውስጥ ያገኘሁት 4 ፒክሰል ብቻ ነው፤ እውነተኛ ፎርኬ ቢሆን በዚያ መጠን 8 ሊኖረው ይገባ ነበር። ቴሌቪዥኑ የፎርኬ ምልክት ይቀበላል፣ የሚያሳየው ግን በፉል ኤችዲ ስክሪን ነው። የጥራት መጠን ለእኛ ርቀት ወሳኝ ባይሆንም፣ ያልሆነውን ነኝ የሚል ዕቃ በሌላውም ነገር አይታመንም። ይህን ፈተና በፍላሽ በሚገባ ፎቶ ማድረግ አስተማማኝ አይደለም፣ ምክንያቱም የብዙ ቴሌቪዥኖች የፎቶ ማሳያ እውነተኛ ፎርኬ በሆነ ስክሪን ላይ እንኳ ምስሉን ወደ ፉል ኤችዲ ይቀንሰዋል። ማጉያ መነጽር ግን አይዋሽም።

ጥቅምት 19፣ ኦሌድን ስለመተው

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ገንዘብ እጨምርልሃለሁ፣ ኦሌድ ግዛ» አለኝ። በኦሌድ እያንዳንዱ ፒክሰል የራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ ጥቁሩ ፍጹም ነው፤ ለጨለማ ክፍል ከዚህ የሚበልጥ የለም። ለፊልም ብቻ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ አላመነታም ነበር።

ነገር ግን ቤቱን አውቀዋለሁ። ቀን ቀን እናቴ ሥራዋን የምትሠራው ዜና ከፍታ ነው፤ የጣቢያው ዓርማ በማዕዘኑ፣ የተንሸራታች ጽሑፉ መደብ ከታች ለሰዓታት ሳይነቃነቁ ይቆያሉ። በኦሌድ ላይ እንዲህ ያለ ቋሚ ምስል ከጊዜ በኋላ አሻራውን ጥሎ ሊቀር ይችላል። አምራቾች ለዚህ ያበጁት መፍትሔ ቴሌቪዥኑ በሪሞት ከጠፋ በኋላ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ፒክሰሎቹን በራሱ ጊዜ እየለካ እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። በእኛ ሰፈር ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንዳያቃጥል በመስጋት ሁሉም ሰው ሳይተኛ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ነው የሚያድር። የተነቀለ ኦሌድ ራሱን መጠገን አይችልም። ለወንድሜ ይህን ሳስረዳው ተስማማ።

ጥቅምት 22፣ ኮምቦልቻ

ምርጫው ኮምቦልቻ በአንድ ሱቅ ውስጥ ባገኘኋቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች መካከል ሆነ። አንደኛው ባለ 75 ኢንች፣ ባክላይቱ ያልተከፋፈለ ነው። ሁለተኛው ባለ 65 ኢንች፣ ከጀርባው በሙሉ በዞን የተከፋፈለ ባክላይት ያለው፣ ፓነሉ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር። የቪኤ ፓነል ጥቁርና ነጭን የመለየት አቅሙ ከ3,000 ለ1 የሚጀምር ሲሆን አይፒኤስ የሚባለው 1,000 ለ1 አካባቢ ነው፤ በአንጻሩ ቪኤ ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይደበዝዛል። ሳሎን ውስጥ ሶፋ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ስለሚደረደር ከጎን የሚያዩ እንግዶች ብዙ ናቸው፣ ለሳሎን አይፒኤስ ይሻላል። በእኛ ክፍል ግን ሁሉም የሚቀመጠው ከፊት ለፊት ነው።

በጥቅምት 7 ያሰመርኩበት ቁጥር እዚህ ጠቀመኝ። የ75 ኢንቹን ስፋት ሶፋውን 30 ሴንቲሜትር በመግፋት ማግኘት እችላለሁ፤ የ65 ኢንቹን ጥቁር ግን በ75ቱ ላይ በምንም መንገድ ላገኘው አልችልም። ሌላም ምክንያት አለ። ከኢትዮሳት ከምንቀበላቸው ጣቢያዎች መካከል ገና በዝቅተኛ ጥራት የሚያስተላልፉ ስላሉ፣ ስክሪኑ በተለቀ ቁጥር የምስሉ መሰባበር ጎልቶ ይወጣል። 65ቱን መረጥኩ። የአምራቹን ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ አንድ አምራች በተመሳሳይ ስም ሥር ዞን ያለውንም የሌለውንም፣ ቪኤውንም አይፒኤሱንም ስለሚሸጥ ስሙ ብቻውን ገዢን አይጠቅመውም።

ካርቶኑን በፒክአፕ ላይ ቀጥ አድርገን አቁመን፣ ግራና ቀኙን በፍራሽ ደግፈን በሐረጎ ዳገት አወጣነው። ትልቅ ስክሪን ተጋድሞ መጓዝ የለበትም፤ የራሱ ክብደት በመንገዱ ንዝረት ላይ ሲደመር መስታወቱን ከመሃል ሊሰነጥቀው ይችላል። ዳገቱ ላይ ጉም ወርዶ ስለነበርና ካርቶኑም ስለቀዘቀዘ ቤት ካስገባነው በኋላ እስከ ማግስቱ አልከፈትኩትም።

ጥቅምት 25፣ መብራት

የሶኬቱን ቮልቴጅ በቴስተር ለካሁ። ረፋድ ላይ 220 አካባቢ ሲሆን፣ እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ስትሰካ ወደ 195 ይወርዳል። ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ፣ ማለትም ወደ 16 አምፔር ገደማ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። የቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ የተጻፈው ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሆነ መውረዱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለው ድንገተኛ ከፍታ ነው። ስለዚህ ትልቅ ስታቢላይዘር ከመግዛት ይልቅ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲመጣ የሚቆርጥና መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ገዛሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋሼ ለሲኒማው ክፍል ከቆጣሪው ሥር የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ግራውንድ ጨምረው ዘርግተውልኛል፤ ከምጣዱ መስመር የተለየ ነው።

ኅዳር 6፣ መስቀል

ኮንክሪቱ ቀኑን ጨርሷል። የስክሪኑ መሃል በተቀመጠ ሰው የዓይን ከፍታ፣ በእኛ ሶፋ 1.1 ሜትር ላይ እንዲሆን ወሰንኩ። የስክሪኑ ቁመት 81 ሴንቲሜትር ስለሆነ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 70 ሴንቲሜትር ያህል ላይ ያርፋል። ይህ ለብዙ ሰው ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ በየቤቱ ከኮርኒስ ሥር ተሰቅሎ የምናየው ቴሌቪዥን ግን በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ አንገት ያደክማል። የመስቀያውን ብረት በውሃ ልክ አስተካክለን፣ ኮንክሪት በተሞላው ቦታ ላይ በአንከር ቡሎን አሰርነው። ቴሌቪዥኑን ከማንጠልጠላችን በፊት እኔና የአጎቴ ልጅ በየተራ ብረቱን ይዘን ተንጠለጠልንበት፤ አልነቃነቅም አለ።

ኅዳር 9፣ ማስተካከል

የምስሉን ሞድ ወደ ሲኒማ ቀየርኩት። ነጩ መጀመሪያ ላይ ቢጫ ያለበት ይመስላል፤ ፊልሞች የሚዘጋጁበት የነጭ መለኪያ 6,500 ኬልቪን ገደማ በመሆኑ ትክክለኛው ይህ ነው፣ ዓይንም ብዙ ሳይቆይ ይለምደዋል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን አገልግሎት አጠፋሁ፤ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስለሆነ በመካከል የተፈበረኩ ምስሎች ሲጨመሩበት የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል። ሹልነቱን ዝቅ አድርጌ፣ ምስሉን ከዳር የሚቆርጠውን አገልግሎት ዘጋሁ። የድሮ 4 ለ3 ቅጂዎችም በራሳቸው ምጥጥን እንዲታዩ አድርጌያለሁ፤ ግራና ቀኝ 18 ሴንቲሜትር ያህል ጥቁር ይቀራል፣ ሰዎቹ ግን በእውነተኛ መልካቸው ይታያሉ። እናቴ ለዜና የምትጠቀምበትን ሞድ ለብቻው ደመቅ አድርጌ አስቀምጬላታለሁ።

ትናንት ማታ መጋረጃው ተዘግቶ የ2.39ኙን ቁራጭ መልሼ አየሁት። ጭረቶቹ ከክፈፉ አይለዩም። በትርጉም ጽሑፉ ዙሪያ ስስ ጭጋግ ይታያል፣ በ2.6 ሜትር ላይ ግን ካልፈለጉት አይረብሽም።

የሚቀረው ድምፁ ነው። የቴሌቪዥኑ ስፒከሮች ወደ ታች የሚያዩ ትንንሾች ስለሆኑ ንግግር ከወለሉ እየነጠረ ይመጣል። ኢኤአርሲ የሚል ምልክት ያለበትን የኤችዲኤምአይ መውጫ ለአምፕሊፋየሩ ለይቼዋለሁ። የኋላ ስፒከሮቹ ሽቦ በቱቦው ውስጥ አልፎ ከሶፋው ጀርባ በሁለቱም ጎን ወጥቷል፤ አናጢው መደርደሪያዎቹን ሲያስረክበኝ በዚህ ማስታወሻ ላይ እቀጥላለሁ።